ጀልባ ላይ ሰው ስልኩን ያስቀመጠው እንዴት ነው?

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እንግዳ በጀልባ አስጎበኛለሁ። ችግሬ ይሄ ነበር፦ ማውራት ስጀምር ሰው ስልኩን ያወጣል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም… ሁሉም እውነት ነው። የሚሰማ የለም።

መጀመሪያ ቀልድ ጨመርኩ። ባሰበት። ድምፄን ከፍ ያደረግኩበትን ሳምንት ባላነሳው ይሻላል።

አንድ ቀን ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ "አንተ ልጅ፣ ፈተና ላይ ነህ እንዴ? የራስህን አታወራም?" አሉኝ።

የራሴን? ልጅ ሳለሁ አባቴ ማታ መረብ ሊጥል ወጥቶ ሳይመለስ ነጋ። እናቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ጋ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። አሁን ጉብኝቱን ከዚያች ነጠላ እጀምራለሁ። "እናቴ ፈራች" አልልም። ነጠላዋን ካሳየሁ ፍርሃቱን ሰው ራሱ ይሞላዋል። የአባቴን ነገር ደግሞ አንጠልጥዬ እተወዋለሁ። መሃል ላይ "የገባው ውሃ በወንዝ የማይወጣበት ሐይቅ ነው" ስል ጸጥ ይላሉ። ያው የድሮው መረጃ ነው እኮ! አሁን ግን "የገባው ሰውስ?" እያሉ ነው የሚሰሙት።

ሰሞኑን ጉማሬ ጨምሬበት ነበር። ያልነበረ ጉማሬ። አፌ ላይ አልጣፈጠኝም፣ አወጣሁት።

ትናንት ታሪኩን ሳልጨርስ ወደብ ደረስን። አንዲት እናት "አባትህስ? ሳትነግረኝ አልወርድም!" አሉኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። መቅዘፊያው ተሰብሮ፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዞ።