ለአሮጌ የጀልባ ናፍጣ ሞተር የማይገኝ ብሎን እንዴት ይፈለጋል?

አንድ ብሎን ጀልባ ያቆማል። ይህን ባሕር ዳር በዓይኔ አይቻለሁ።

ወዳጄ ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስባት ጀልባ አለችው። ሞተሯ ፐርኪንስ 4.236 ነው፤ አሮጌ ግን ገና ብርቱ። አንድ ቀን ከሞተሩ ፊት ያለውን የማርሽ ሽፋን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ጠፋ። ወዳጄ ከጎኑ ያለውን ብሎን በቁልፍ 13 ሞከረው። ቁልፉ ትንሽ እየተንገዋለለ ገባ። ስለዚህ ሱቅ ሄዶ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ገዛ። አዲሱ ብሎን በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ጠበቀ። ረዳቱ ዝገት መስሎት በቡሶላ ቁልፍ ገፋው። ትንሽ እንደታገለ ድንገት ቀለለው። ያንን ቅለት ሞተር የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቀዳዳው ጥርስ ተልጦ ነው።

ብሎኑ የሚሊሜትር፣ ቀዳዳው የኢንች ነበር። የሞተሩ ብሎን 5/16 ኢንች ነው፤ ማለትም 7.94 ሚሊሜትር። ከ8 ጋር በዓይን አይለይም። ጥርሱ ግን ሌላ ነው። በኢንች 18 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ሌላው 1.41 ሚሊሜትር ይሆናል። የ8 ሚሊሜትሩ ደግሞ 1.25 ነው። ሁለት ዙር አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከሱቅ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ የሞተሩን ዘመድና የብሎኑን ስም። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ "የማይገኝ" የተባለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ቦታ ተቀምጦ ይገኛል።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን የየብስ ወንድም ፈልጉ

ብዙ ሰው የጀልባ ሞተር ለጀልባ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ያረጁት የናፍጣ ሞተሮች አብዛኞቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። በትራክተር፣ በጭነት መኪና ወይም በጄኔሬተር ላይ የሚሠራ ሞተር ተወስዶ፣ የውሃ ማቀዝቀዣና የጀልባ ማርሽ ተጨምሮለት ነው ወደ ውሃ የወረደው።

ፐርኪንስ 4.236ን እንውሰድ። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ 4 ሲሊንደር፣ 236 ኪዩቢክ ኢንች። ይህ ወደ 3.9 ሊትር ነው። ያው ሞተር በማሴ ፈርጉሰን 175 ትራክተር ላይ አለ። በኮምባይነርና በፎርክሊፍትም ላይ ተገጥሟል። ማሴ ፈርጉሰን ፐርኪንስን የገዛው በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ሁለቱ ስሞች አብረው ቢገኙ አይግረማችሁ። ሌሎችም እንዲሁ ናቸው። ፎርድ ሌማን የሚባሉት የጀልባ ሞተሮች መሠረታቸው የፎርድ የጭነት መኪናና የእርሻ መሣሪያ ሞተር ነው። ሊስተር ደግሞ በገጠር ወፍጮ ስናየው የኖርነው ነው።

በብሎኩ ጎን የተመታውን ቁጥር አጽዱና ጻፉ። በብዙዎቹ የ4.236 ሞተሮች ላይ ቁጥሩ በኤልዲ ፊደላት ይጀምራል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ትራክተር ጋራዥ ስትሄዱ "የጀልባ ብሎን የለንም" የሚላችሁ የለም። እናንተም የጠየቃችሁት የትራክተር ብሎን ነው።

የየብስ ወንድም የሌላቸው ክፍሎች አሉ። የውሃ ማቀዝቀዣው፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው የጭስ ማኒፎልድ፣ የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ ማርሹን ከፕሮፔለሩ ዘንግ የሚያያይዘው መጋጠሚያ። እነዚህን የጨመረው ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው፤ የብሎኑ ዓይነትም ከሞተሩ ሊለይ ይችላል። አንድ ሞተር ላይ የኢንችና የሚሊሜትር ብሎን ተቀላቅሎ የሚገኘው አንድም በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ከእናንተ በፊት ሞተሩን የነካው ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ ብሎኑን በስሙ ጥሩት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የሚያስፈልጋችሁ ካሊፐር (ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) እና የጥርስ መለኪያ ነው። መለኪያው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላቸው ቀጫጭን ብረቶች የታሰሩበት ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለት ዓይነት ግዙ፤ የ55 ዲግሪና የ60 ዲግሪ።

ለምን ሁለት? አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ላይ አራት ዓይነት የኢንች ጥርስ ሊገጥማችሁ ስለሚችል ነው። ዊትዎርዝ በ1841 የመጣ፣ ሰፊ ጥርስ ያለው ነው። ቢኤስኤፍ የእሱ ደቂቅ ጥርስ ወንድም ነው። ሁለቱም 55 ዲግሪ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ ተስማምተው ዩኤንሲንና ዩኤንኤፍን አወጡ። እነዚህ 60 ዲግሪ ናቸው፤ ዩኤንሲ ሰፊው፣ ዩኤንኤፍ ደቂቁ። እንደ 4.236 ያሉ የ1960ዎቹ ሞተሮች በአመዛኙ በእነዚህ ሁለቱ የታሰሩ ናቸው። ከዚያ የሚቀድሙት ሊስተሮችና ሌሎች የእንግሊዝ ሞተሮች ዊትዎርዝና ቢኤስኤፍ ናቸው።

ብሎኑን በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ውፍረቱን ያልተበላ ቦታ ላይ ለኩ። 6.3 አካባቢ ከሆነ 1/4 ኢንች ነው። 7.9 ከሆነ 5/16፣ 9.5 ከሆነ 3/8፣ 11.1 ከሆነ 7/16፣ 12.7 ከሆነ 1/2 ነው። ያገለገለ ብሎን ትንሽ አነስ ብሎ ይለካል፤ ያ አያሳስብም።

ቀጥሎ ጥርሱን ቁጠሩ። መለኪያውን ብሎኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃን አንሱት። በመሃል ብርሃን ካሾለከ ልኩ አይደለም። 3/8 ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ካለው ዩኤንሲ ወይም ዊትዎርዝ ነው። 20 ከሆነ ቢኤስኤፍ፣ 24 ከሆነ ዩኤንኤፍ ነው። በ5/16 ላይ 18፣ 22 እና 24 ይሆናል። ዩኤንሲና ዊትዎርዝ በብዙ መጠን እኩል ጥርስ ስላላቸው ማዕዘኑ ነው የሚለያቸው። 1/2 ኢንች ላይ ግን ይለያያሉ፤ ዊትዎርዝ 12፣ ዩኤንሲ 13 ነው።

መለኪያ ከሌላችሁ ስሙን የምታውቁትን ብሎን አምጡና ጥርስ ለጥርስ አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዟቸው። ዳር እስከ ዳር ከተቃቀፉ አንድ ናቸው። ወይም ብሎኑን ወረቀት ላይ ተጭናችሁ አንከባሉትና በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ ያለውን ሰረዝ ቁጠሩ።

ጭንቅላቱም ይመሰክራል። ወዳጄን ያሳተው እሱ ነበር። የ5/16 ዩኤንሲና ዩኤንኤፍ ጭንቅላት 1/2 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። ቁልፍ 13 ይገባዋል፤ ግን ይንገዋለላል። የ3/8ቱ 14.3 ስለሆነ ቁልፍ 14 እምቢ ይላል፣ 15 ይሰፋዋል። ቁልፍ ሲንገዋለል "አርጅቶ ነው" ብላችሁ አትለፉት። በዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የጭንቅላቱ ሳይሆን የብሎኑ ውፍረት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ርዝመቱ የሚለካው ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጫፍ ነው። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፉት፦ "5/16 ዩኤንሲ፣ 18 ጥርስ፣ ርዝመት 1 ከ1/4 ኢንች"። አሁን ብሎኑ ስም አለው።

ደረጃ 3፦ ጥንካሬውን አንብቡ

የብሎን ጭንቅላት ላይ ያለው ምልክት ጌጥ አይደለም። በሚሊሜትር ብሎን ላይ 8.8፣ 10.9፣ 12.9 ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ የኢንች ብሎን ላይ ሦስት ሰረዝ ካለ ግሬድ 5 ነው፤ ከ8.8 ጋር ይቀራረባል። ስድስት ሰረዝ ግሬድ 8 ነው፤ ከ10.9 ጋር ይቀራረባል። በእንግሊዝ ብሎኖች ላይ አር፣ ኤስ ወይም ቲ የሚል ፊደል ይኖራል። የተያያዙ ትናንሽ ክበቦች ካያችሁ ጥርሱ ዩኤንሲ ወይም ዩኤንኤፍ ነው ማለት ነው። ምንም ምልክት የሌለውን ብሎን ለስላሳ ብረት ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። የቢዬላ (ፒስተንን ከኮሎ የሚያያይዘው ዘንግ) ብሎን፣ የኮሎ (የሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) መያዣ ብሎን፣ የቮላኖ (ከኮሎው ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ብሎን፣ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ብሎንና ስተድ (ጭንቅላት የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ብሎን) በማመሳሰል አይገዙም። በመለዋወጫ ቁጥራቸው፣ አዲስ ሆነው፣ ለዚያ ሞተር የተሠሩት ብቻ ናቸው የሚገቡት። የቢዬላ ብሎን ሲበጠስ ዘንጉ ብሎኩን ቀዶ ይወጣል። ሐይቅ መሃል፣ ሰው ተሳፍሮ። ለእነዚህ ሦስት ወር መጠበቅ ካለባችሁ ጠብቁ።

ስቴንለስ ብሎን ስለሚያብረቀርቅና ስለማይዝግ ብዙዎች ለጀልባ ይመርጡታል። ለሽፋንና ለቧንቧ መያዣ ጥሩ ነው። ኤ4-70 የሚል ምልክት ያለው ስቴንለስ ግን ጥንካሬው ከ8.8 ያንሳል። ያለ ቅባት ሲታሰር ጥርስ ለጥርስ ተናክሶ አልፈታም ይላል። በጨው ውሃ አካባቢ አሉሚኒየም ላይ ሲገባ ደግሞ አሉሚኒየሙን ያስበላል። ለጭስ ማኒፎልድ ስተድ የናስ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠበቀው ቀዳዳ ብረት) ይሻላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስተዱን ሳይሰብር ይፈታል።

ደረጃ 4፦ አሁን ፈልጉ

መጀመሪያ ትራክተር ጋራዥ። ከዚያ የጄኔሬተርና የኮምፕሬሰር ጥገና ቤት። እነዚህ ሰዎች የተበተኑ ሞተሮች ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የብሎን ቆርቆሮም አላቸው። በትሕትና ጠይቁ፣ ናሙናውን አሳዩ፣ ጊዜ ስጧቸው። ወዳጄ ያጣውን ብሎን ያገኘው እንዲህ ካለ ቆርቆሮ ነው።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለአሮጌ መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ለማይታሰብ ነገር ሁሉ። ከአሮጌ ሞተር የተፈታ ብሎን ለሽፋን፣ ለካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ)፣ ለውሃ ፓምፕ ያገለግላል። ስትመርጡ አንድ ጥሩ ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ። ዳዶው ከጫፍ እስከ መጨረሻ በጣት ብቻ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከያዘው ብሎኑ ተስቧል። ውፍረቱን ሁለት ሦስት ቦታ ለኩ፤ አንዱ ቦታ ቀጥኖ ከተገኘ ተዉት።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። እዚያ የኢንች ብሎን የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። የዩኤንሲና የዩኤንኤፍ ግሬድ 8 ብሎን ተራ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ለዘመድ ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ያንን የጻፋችሁትን ስም ላኩ። ፎቶ ከላካችሁም ብሎኑን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጡት። ዊትዎርዝና ቢኤስኤፍ ግን አሜሪካ አይፈለግም። እንግሊዝ አገር ለጥንት ትራክተር፣ መኪናና ሞተር ሳይክል አዳሾች የሚሸጡ ልዩ ሱቆች አሉ፤ በፖስታም ይልካሉ።

አንድ ከምትገዙ አምስት ግዙ። የጥንካሬ ምልክት ብቻ ኖሮት የአምራቹ ምልክት የሌለውን ብሎን ደግሞ አትመኑት።

ደረጃ 5፦ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) የመጨረሻው በር ነው። "ከምን ብረት ትሠራልኛለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ከተገኘው" ካለ ከባድ ጫና ለሚያርፍበት ቦታ አይሆንም። የተሻለው ዘዴ ጥንካሬው የታወቀ ረዘም ያለ ብሎን ገዝቶ ማሳጠር ነው። ብሎኑን በብየዳ ወይም በእሳት አታስነኩት፤ ሙቀት ጥንካሬውን ይወስደዋል። ባለ ቶርኖው ከጭንቅላቱ ሥር ሹል ጎድጓድ እንዳይተውም ንገሩት። ብሎን የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ አገጣጠም

የቀዳዳውን ጥርስ መጀመሪያ አጽዱ። ትክክለኛውን አሮጌ ብሎን ውሰዱና በመጋዝ ጥርሱ ላይ በቁመቱ ቦይ አውጡለት። በትንሽ ዘይት ቀስ እያላችሁ አስገቡና አውጡት። ቆሻሻው በቦዩ ውስጥ ተሰብስቦ ይወጣል። ጫፉ የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይትም ውሃም አትተዉ። ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጥርሱ ወደ ካስት አይረን የሚገባው የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል፣ ወደ አሉሚኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ያጠረ ብሎን የተላጠ ቀዳዳ ያመጣል። ከዚያ እስከ መጨረሻው በጣት አስገቡት። በጣት ካልሄደ አቁሙ፤ አውጡት፤ እንደገና ለኩ። ቁልፍ የሚመጣው ጭንቅላቱ ሽፋኑን ከነካ በኋላ ነው፤ የማጥበቂያው ልክም ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው።

የወዳጄን ቀዳዳ ባለ ቶርኖው ሰፋ አድርጎ ቆፈረና ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥርስ አስገባለት። ከትራክተር ጋራዡ ያመጣነው ብሎን በጣት ብቻ እስከ ሥሩ ወረደ። የተረፉትን አራቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ "5/16 ዩኤንሲ" ብሎ ጽፎ፣ ከመሪው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጣቸው።