የካቶሊክ ትምህርት ቤት በዓል ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂም ሆነ በቡራዩ አቅጣጫ፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ካቶሊክ አይደሉም፤ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ። የትምህርት ቤቱን ጠባቂ ቅዱስ በዓል የሚያሰናዳ ኮሚቴ በአብዛኛው የሚሳሳተው ይህን ሲዘነጋ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ድግሱን ከጾሙ ጋር ሳያገናዝቡ መወሰን ነው። ለምሳሌ ጠባቂው ቅዱስ ዮሴፍ በሆነ ትምህርት ቤት በዓሉ መጋቢት 10 ቀን ይውላል። የዐቢይ ጾም መግቢያ ዘገየ ቢባል ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ፋሲካም ቀደመ ቢባል ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ ስለዚህ ይህ በዓል በየትኛውም ዓመት ከጾሙ ውጭ ሊሆን አይችልም። በዚያ ቀን በሬ አርዶ ተማሪውን መጋበዝ ግማሹን ልጅ ከማዕዱ ማስነሣት ነው። ምስር ወጥ፣ ሽሮና አትክልት ቢቀርብ ግን የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ይበላል፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የሚለው ጥያቄም ከነጭራሹ አይነሣም። ሥጋ የግድ ነው የሚል ኮሚቴ ካለ፣ ቅዳሴውን በዕለቱ አድርሶ ግብዣውን ወደ በዓለ ሃምሳ ያዛውር፤ በእነዚያ ሳምንታት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ረመዳን የገባበት ዓመት ከሆነም ለሚጾሙት ተማሪዎች የምሳው ሰዓት ሌላ መላ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ያለፈውን ዓመት ቀን እንዳለ መገልበጥ ነው። ለምሳሌ ዶን ቦስኮ የሚባሉት የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በዓል በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ዘወትር ጥር 23 ላይ ያርፋል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ወደ ጥር 22 ይመጣል። ልዩነቱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስለሚስተካከል መጋቢት 10ን አይነካም።

ሦስተኛው በቅዳሴ ጊዜ የሚታይ ነው። ተማሪዎችን በየክፍላቸው አሰልፎ በተራ ወደ ቅዱስ ቁርባን ማስኬድ ለሥርዓት የሚመች ቢመስልም፣ ካቶሊክ ያልሆነው ልጅ ወይ ሳያውቅ ይቀርባል፣ ወይ በጓደኞቹ ፊት ከሰልፉ ሲወጣ ይሸማቀቃል። ካህኑ ወይም አንዷ ሲስተር አስቀድመው ማን እንደሚቀርብ በግልጽ ቢናገሩና ሌሎቹ በቦታቸው ቢቀመጡ ማንም አይከፋም።

ሌላው፣ በዓሉን ትምህርት ቤቱን የሚመራው ማኅበር የባሕር ማዶ መሥራቾች ታሪክ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ነው። ገድላቸው መተረኩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከኦርቶዶክስ መነኩሴነት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብተው እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ያረፉትና በ1926 ብፁዕ የተባሉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ገብረ ሚካኤል ስማቸው እንኳ ሳይነሣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል። አስተማሪያቸው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም የሚታሰቡት በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ታሪክ በጠባቂው በዓል ካልተነገረ ተማሪው የሚሰማበት ሌላ ቀን የለም።

መዋጮን በሚመለከት፣ ያላዋጣውን ተማሪ ስም በሰልፍ ላይ መጥራት በፍጹም አይገባም፤ በዳርቻው ሰፈር ብዙ ወላጅ የቀን ሠራተኛ ነው። የክብር እንግዶች ንግግርም ቢያጥር መልካም ነው፤ ተማሪዎቹ ያጠኑት መዝሙርና ድራማ ከንግግሮቹ በፊት ይቅረብ፤ አለበለዚያ ሩቅ ሰፈር የሚሄዱት ልጆች ተራቸው ሳይደርስ ሰርቪሱ ይነሣል።