«ፋይን» በምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሃው አር ዩ?» ስንባል «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» እንድንል ተምረን አድገናል። መልሱ ልክ ነው። ችግር የሚመጣው ፋይንን በየቦታው «ደህና» ወይም «ጥሩ» ብለን ስንወስዳት ነው።

ሰው የሚያስቀይመው ስህተት ምግብ ላይ የሚሠራው ነው። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ «ምግቡ እንዴት ነው?» ስትባሉ «ኢት ኢዝ ፋይን» አትበሉ። እናንተ ማመስገናችሁ ነው። የደከመችው ባለቤት የምትሰማው ግን «ምንም አይልም» የሚል ነው። «ዴሊሸስ» ብትሉ ይሻላል። የሰው ሥራ አይታችሁ አስተያየት ስትሰጡም ይህንኑ አስቡ። ደግሞ ቃሏ ከስም በፊት ስትገባ ክብሯ ከፍ ይላል፤ «ኤ ፋይን ሜል» ግሩም ምግብ ማለት ነው። ቦታዋ ብቻ ተቀይሮ ትርጉሙ እንዲህ መራራቁን ብዙ መምህራን ሳይነግሩን ያልፋሉ፤ ሊነገረን ይገባ ነበር።

ሻይ ሲቀርብላችሁ «አይ አም ፋይን» ካላችሁ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ማለታችሁ ነው። እኛ ጋ እንግዳ አንዴ «ይቅርብኝ» ቢል «በሞቴ» ተብሎ ይለመናል። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ዘንድ ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው «የስ፣ ፕሊስ» በሉ። እነሱም «አይ አም ፋይን» ሲሏችሁ ደጋግማችሁ አትወትውቱ።

ስለ ጤና ስትጠየቁ «ቬሪ ፋይን» አይባልም። «ቬሪ ዌል» ይባላል።

ክርክር መሀል አንዱ በቁጣ «ፋይን!» ካለ ተስማማ ብላችሁ አትለፉ። «እሺ፣ እንደፈለግህ!» ዓይነት ነው። ድምፁን ስሙ፤ ካልገባችሁ ጠይቁ።

ፋይን «ደቃቅ» ማለትም ነች። «ፋይን ሳንድ» ደቃቅ አሸዋ ነው። «ፋይን ፕሪንት» ደግሞ ውል ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ክፍል ነው። የቤት ኪራይ ውል ስትፈርሙ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ፤ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያና ቅጣት የሚቀመጠው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ፋይን ስም ስትሆን የገንዘብ ቅጣት ነች። ምንጯ «መጨረሻ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው፤ ጥንት ጉዳዩ እንዲዘጋ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት በመጣ ደብዳቤ ላይ ካያችኋት መጀመሪያ የመክፈያውን ቀን ፈልጉ። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ ሊጨምር ይችላል።