ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲላክ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍየልና የበግ ሥጋ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ተነስቶ በአውሮፕላን ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። ተቀባዩ አገር ጭነቱን ውድቅ የሚያደርግበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበረራው በፊት፣ አንዳንዴም እንስሳው ገና ሳይታረድ የተፈጠረ ነው። ቡና ተበጥሮና ተለቅሞ ደረጃው ሊሻሻል ይችላል። ሥጋ ግን አይሻሻልም፤ ከዕርድ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያለውን ጥራት ጠብቆ ማቆየት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው።

ቄራው ፈቃድ አለው ብሎ ውል መፈረም

የአገር ውስጥ ፈቃድ እና የተቀባዩ አገር ዕውቅና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኗ በኩል ሥጋ የምትቀበለው በዝርዝሯ ከመዘገበቻቸው ቄራዎች ነው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የራሷ አሠራር አላት። የአንዱ አገር ዕውቅና ለሌላው አያገለግልም። የራሳቸው ቄራ ሳይኖራቸው በአገልግሎት ክፍያ የሚያሳርዱ ላኪዎች በዚህ በኩል በተለይ ይጎዳሉ፦ ቄራው ለዱባይ እንደሚልክ ያያሉ፣ ለሪያድ ገዢ ውል ይፈርማሉ፣ ሥጋው ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ የቄራው ቁጥር በሳዑዲ ዝርዝር ውስጥ ሳይገኝ ይቀራል።

ገዢው ፕሮፎርማ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያረጋግጡ፦ የቄራው ቁጥር በመዳረሻው አገር ዝርዝር ላይ መኖሩን፣ ዕውቅናው ለየትኛው እንስሳ እንደተሰጠ፣ የቀዘቀዘ ሥጋን ብቻ ነው ወይስ በረዶ የሆነውንም ይጨምራል የሚለውን። ለበግና ለፍየል የተሰጠ ዕውቅና የበሬ ሥጋን አይሸፍንም።

የበሽታ ሕጉን ሳያዩ ገበያ መምረጥ

“አውሮፓ የተሻለ ዋጋ ይከፍላል” የሚለው ሐሳብ ብዙ አዲስ ላኪዎችን ያባክናል። በኢትዮጵያ የአፍተግር በሽታ በየጊዜው የሚከሰት በመሆኑ የአውሮፓ በር ለጥሬ ሥጋችን ዝግ ነው፤ ይህን አንድ ላኪ በራሱ ጥረት አይከፍተውም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ በሽታው ካለባቸው፣ ግን በመንግሥት የሚመራ የቁጥጥር መርሐ ግብር ካላቸው አገሮች ለሚወጣ የበሬ ሥጋ አንድ መንገድ ይሰጣል፦ ካርካሱ (ቆዳውና ሆድ ዕቃው የወጣለት የታረደ እንስሳ ሙሉ አካል) ከ2 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆያል፣ የሽንጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ አሲዱ ሲጨምር ቁጥሩ ይወርዳል) በሁለቱም ጎን ተለክቶ ከ6.0 በታች መሆኑ ይረጋገጣል፣ ዋና ዋናዎቹ የሊምፍ ዕጢዎች ይወገዳሉ፣ ሥጋው ከአጥንት ይለያል። ይህ እንኳ የሚሠራው ተቀባዩ አገር ከተስማማ ብቻ ነው።

የባሕረ ሰላጤው ገበያም በበሽታ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲከሰት ከአፍሪካ ቀንድ በሚመጣው እንስሳ ላይ እገዳ ተጥሎ ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ “እንስሳቱ ከተሰበሰቡ በኋላ እገዳ ቢወጣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል?” የሚለው ተጽፎ መገኘት አለበት። ብዙ ውል ላይ አይገኝም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ለዘመድ ተብሎ በሻንጣ የሚወሰድ ቋንጣም በሕግ ፊት ያው የሥጋ ምርት ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረትም ሆነ ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ ከኢትዮጵያ የበሬ ቋንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም።

በቁም ክብደት ብቻ መግዛት

የባሕረ ሰላጤው ገዢ የሚፈልገው ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ ጮማ ያልበዛበት የቆላ ፍየል ወይም በግ ነው፦ የቦረና፣ የሶማሌ፣ የአፋር። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል እየተባለ በገዢዎች ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ደላላው መንጋውን ቀላቅሎ ሲያቀርብ ዋጋው ቅናሽ ይመስላል፤ ቅናሹ ግን በተመለሰ ካርካስ ይወጣል። 20 ኪሎ የሚመዝን ፍየል ከ8 እስከ 9 ኪሎ ገደማ ካርካስ ይሰጣል። ሆዱን ውሃና መኖ ሞልቶ የተመዘነ ግን ከዚያ ያነሰ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሒሳቡን በካርካስ ክብደት ይሥሩ።

መድኃኒት የተወጋ እንስሳም አለ። ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ከተወጋ በኋላ እንስሳው እስኪታረድ 28 ቀን እንዲጠበቅ የሚያዙ ጠርሙሶች ብዙ ናቸው። አቅራቢው “ሳል ነበረበት፣ አሁን ድኗል” ካለ መቼና በምን እንደታከመ ጽፎ ይፈርም። ቀሪ መድኃኒት በዓይን አይታይም፤ የመዳረሻው ላቦራቶሪ ግን ያገኘዋል።

የዝናቡን ወቅትም አይርሱ። አርብቶ አደሩ ሣርና ውሃ ሲያገኝ እንስሳውን ገበያ አያወጣም። በደረቁ ወራት በተገኘው አቅርቦት ልክ ዓመቱን ሙሉ እኩል መጠን ለመላክ መፈረም ወይ ውል ማፍረስን ወይ የደጋ እንስሳ መቀላቀልን ያስከትላል።

ከመኪና ወርዶ በማግስቱ ማረድ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፣ ሰፋ አድርጎ ማየትም ይገባል። ከያቤሎ ሞጆ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍየሎቹ ተጨናንቀው፣ ቆመው፣ ያለ ውሃ ይመጣሉ። በጡንቻቸው ውስጥ የተጠራቀመው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት በመንገድ ላይ ያልቃል።

በሕይወት ያለ እንስሳ ጡንቻ ፒኤች 7 አካባቢ ነው። ከታረደ በኋላ ይህ ክምችት ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ ፒኤቹን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5.4 እስከ 5.7 ያወርደዋል። ክምችቱ ካለቀ ግን አሲዱ የሚሠራበት ነገር ስለሌለ ፒኤቹ 6.0 እና ከዚያ በላይ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይጣበቃል፣ ባክቴሪያም በቶሎ ይራባበታል። ማቀዝቀዣው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያስተካክለውም። ጅዳ ላይ “ሥጋው ጠቁሯል” የሚለው ቅሬታ ሲመጣ ብዙዎች አየር መንገዱን ይከሳሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የማቆያ በረቱ መዝገብ ነው።

መፍትሔው ጊዜና መኖ ነው። እንደ ወረዱ ወዲያውኑ ውሃ ይስጧቸው፤ ውሃው እስከ ዕርድ ድረስ አይቋረጥ። አመንዣጊ እንስሳ ክምችቱን የሚተካው በዝግታ ስለሆነ ከረጅም መንገድ በኋላ አንድ ሌሊት አይበቃውም፤ ድርቆሽ እየበሉ ሁለት ሦስት ቀን ቢያርፉ ልዩነቱ በፒኤች መለኪያው ላይ ይታያል። መኖ የሚከለከለው ከዕርድ በፊት ለ12 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከተለያየ ቦታ የመጡትን በአንድ በረት አይቀላቅሉ፤ ሌሊቱን ሲዋጉ ያድራሉ።

በ24ኛው ሰዓት ፒኤቹን ሽንጡ ላይ ይለኩ። መለኪያው በዕለቱ በ4.0 እና በ7.0 ማስተካከያ ፈሳሽ ካልተስተካከለ የሚያሳየው ቁጥር ዋጋ የለውም። 6.0 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ለይተው ለአገር ውስጥ ገበያ ያውሉት፤ ሥጋው ለምግብነት ደህና ነው፣ ጉዞውን ግን አይችለውም።

የተበከለውን በውሃ ማጠብ

ቆዳ ሲገፈፍ ወይም ሆድ ዕቃ ሲወጣ ፈርስ ካርካሱን ከነካ፣ የተነካው ክፍል በንጹሕ ቢላዋ ተቆርጦ ይጣላል። በውሃ ሲታጠብ ግን እድፉ ከዓይን ይጠፋና ባክቴሪያው በመላው ገጽ ይሰራጫል። ቢላዋው በ82 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሳይነከር ወደሚቀጥለው እንስሳ ከተሻገረም ውጤቱ ያው ነው።

ቶሎ ማቀዝቀዝ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብሎ ማመን

8 ኪሎ የሚመዝን፣ ጮማ የሌለው የፍየል ካርካስ በጣም ቶሎ ይቀዘቅዛል። አየር ማራገቢያው ከመጀመሪያው በሙሉ ኃይል ከተለቀቀበት፣ ጡንቻው ከዕርድ በኋላ ገና ሳይገተር ቅዝቃዜው ያኮማትረዋል፤ ሥጋውም ተቀቅሎ እንኳ አይላላም። በሙያው የታወቀው መለኪያ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት የሥጋው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ይደረጋል።

ተቃራኒው ስህተትም የተለመደ ነው፦ በረራ እንዳያመልጥ ተብሎ ውስጡ ገና 12 ዲግሪ የሆነ ካርካስ መኪና ላይ ይጫናል። የማቀዝቀዣ መኪና የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ ትኩሱን አያቀዘቅዝም፤ አውሮፕላኑም እንዲሁ። መውጣት ያለበት በታፋው ወፍራም ክፍል፣ አጥንቱ አጠገብ የገባው ቴርሞሜትር ገዢው የጠየቀውን፣ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ፣ ሲያሳይ ነው። ካርካሶቹ እርስ በርስ ተነካክተው ከተሰቀሉ የተነካኩበት ቦታ ሙቀት ይዞ ይቀራል፤ ሽታ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ስለዚህ የዕርድ ፕሮግራም የሚወጣው ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። በረራው ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሆነ ጭነቱ ማክሰኞ ማታ ቦሌ መድረስ አለበት፤ የመጨረሻው ፍየል ሰኞ ከሰዓት በኋላ ካልታረደ 24 ሰዓት አይሞላም።

የሐላል ወረቀቱን በመጨረሻ ማሰብ

የሐላል ምስክር ወረቀት የሚሰጠው አካል ራሱ በመዳረሻው አገር የታወቀ መሆን አለበት። ከኢትዮጵያ ለሚወጣ ሥጋ ይህን የሚሠራው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። ተወካዩ በዕርዱ ሰዓት ይገኛል እንጂ ካለቀ በኋላ አይፈርምም። በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ ቢስሚላህ ይባላል፤ የአየርና የምግብ ቧንቧው ከአንገት የደም ሥሮቹ ጋር በአንድ ላይ ይቆረጣል፤ ደሙ ፈስሶ ሳያልቅ ቆዳ መግፈፍ አይጀመርም። ምርት ለማፋጠን ይህን የመጨረሻውን ጊዜ ማሳጠር የሃይማኖቱን ሥርዓት ይጥሳል፤ ደም የያዘ ሥጋ ስለሚቀርም ዕድሜው ያጥራል።

ቀንና ሰዓት ማምታታት

ይህ የእኛው አገር ልዩ ችግር ነው። የቄራው መዝገብ መስከረም 1 ቀን 2017 ይላል፤ የጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነው። አንዱ ሠራተኛ በራሱ ሲቀይር 12 ብሎ ከጻፈ፣ ሌላው ለካርካሱ መለያ 11 ብሎ ካተመ፣ በመዳረሻው ያለው መርማሪ የሚያየው ሁለት የተለያየ የዕርድ ቀን ያለው አንድ ጭነት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፦ እኛ “ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት” የምንለው በኤርዌይ ቢሉ (በአየር ጭነት ሰነዱ) ላይ ረቡዕ 03፡00 ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያዘጋጀው የቀን መቀየሪያ ሠንጠረዥ በማተሚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ጭነት ያድናል።

ከመነሳቱ በፊት ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት፣ የሐላል ወረቀቱ፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱና ኤርዌይ ቢሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይነጻጸሩ፦ የካርካስ ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ የዕርድ ቀን፣ የቄራ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስም አጻጻፍ። የታሪፍ ቁጥሩም ይታይ፤ የበግና የፍየል ሥጋ 0204 ሲሆን ጉበትና ኩላሊት 0206 ነው። በአንድ መስመር ተደባልቀው ከተጻፉ ጉምሩክ ላይ ይቆማሉ። መለያው በዓረብኛ መጻፍ ሲኖርበት የዕርድና የማብቂያ ቀኑ ይታተም እንጂ በላዩ ሌላ ወረቀት አይለጠፍበት።

ትኩሱን ክብደት መሸጥ

ካርካስ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያጣል። በ10 ቶን ጭነት ላይ ይህ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። ኢንቮይሱ በትኩስ ክብደት ከተሠራ ገዢው ሲመዝን ጉድለት ያገኝና ክፍያ ይይዛል። ውሉ ላይ “ቀዝቅዞ የተመዘነ” ተብሎ ይጻፍ።

ዶሮን እንደ ፍየል መያዝ

የዶሮ ሥጋ የታሪፍ ቁጥሩ 0207 ነው፤ የጤና ወረቀቱ ስለ ወፍ ጉንፋንና ስለ ኒውካስል በሽታ ይመሰክራል፤ ውስጡ ቶሎ ከ4 ዲግሪ በታች መድረስ አለበት። ለፍየል የተባለው የ10 ሰዓት ጥንቃቄ እዚህ አይሠራም፤ ዶሮ ሲዘገይ ይበላሻል።

ቅሬታ ሲመጣ ማስረጃ ማጣት

ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ይላክ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከበሩ አጠገብ ካለው ካርካስ ጋር። ከቄራው ሲወጣ የተለካው የውስጥ ሙቀትና ፒኤች በካርካስ ቁጥር ተጽፎ፣ መኪናው ሲታሸግ ፎቶ ተነስቶ፣ የእሽጉ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጥ። ገዢው “ሞቆ ደረሰ” ካለ መሣሪያው ሙቀቱ የጨመረው ሞጆ ላይ ይሁን፣ ቦሌ ላይ ይሁን ወይም ጅዳ ከወረደ በኋላ ይሁን በሰዓት ይናገራል። የመድን ኩባንያም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ መዝገብ ነው።