ጀበናው ወደ ማን ዞሯል? የልጅን የቦታ ግንዛቤ በቤት ውስጥ ለመፈተሽና ለማዳበር

«ወንፊቱ የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ አብዛኞቻችን «እዛ ጋ» ብለን በአገጫችን እንጠቁማለን። ወንፊቱ ይመጣል፤ ልጁ ግን «ከሞሰቡ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ» የሚለውን ሳይሰማ ይቀራል። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሕፃናትን ከ14 እስከ 46 ወር ዕድሜያቸው ከወላጆቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ተከታትሎ፣ እንደ «ክብ»፣ «ረጅም»፣ «ጠርዝ» ያሉትን ቃላት አብዝተው የሰሙት ራሳቸውም አብዝተው እንደሚናገሩ፣ በ54 ወራቸውም በቦታ ግንዛቤ (ነገሮች የትና በየት አቅጣጫ እንዳሉ የመረዳት ችሎታ) ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህ ቃሉ ብቻውን ለውጡን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ይሁንና መናገሩ ምንም ወጪ ስለሌለው ለአንድ ሳምንት «እዛ ጋ» ማለትን በመተው ይጀምሩ።

ልጁ ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ የጫማ ካርቶን ይውሰዱና ክፍልዎን በትንሹ ይሥሩበት። የክብሪት ቀፎ አልጋ፣ ቆርኪ ዱካ ይሁን፤ አቀማመጣቸው ግን ከእውነተኛው ክፍል ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ትንሽ የጨርቅ ኳስ ከቀፎው ሥር ልጁ እያየ ይደብቁና «ትልቁ ኳስም በክፍላችን ውስጥ እንዲሁ ተደብቋል፤ ፈልገው» ይበሉት። ጁዲ ዴሎሽ የተባሉት ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ሙከራ እንዳሳዩት፣ የሦስት ዓመት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ሲያገኙ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጆች ግን ትንሿ አሻንጉሊት የት እንደተደበቀች እያስታወሱ እንኳ ትልቋን ማግኘት ያቅታቸዋል። የጎደላቸው ትንሹ ክፍል የትልቁ ምሳሌ መሆኑን መረዳት ነው። የእኔዋ ልጅ ካርቶኑን ታቅፋ ወደ ጎረቤት ስለሄደች የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል፤ በሌላ ቀን መድገም ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒያዤና ኢንሄልደር ልጆች ከሌላ ሰው አቅጣጫ ማየት መቻላቸውን የፈተኑት በሦስት ተራሮች ቅርጽ ነበር። የደሴ ልጅ የጦሳን ተራራ በየቀኑ ቢያይም ለዚህ ሥራ የሚመቸው ረከቦት ነው። በረካ ተጠጥቶ ጀበናው ከቀዘቀዘ በኋላ በረከቦቱ ወዲያና ወዲህ ማዶ ለማዶ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ ስኒ ከጀበናው በስተጀርባ፣ ከእርስዎ እንዲሸፈን አድርገው በልጁ በኩል ያስቀምጡና «ስኒው ለእኔ ይታየኛል?» ብለው ይጠይቁት፤ ይህንን ትንንሾቹም ይመልሱታል። ቀጥሎ ስኒውን ወደ ጀበናው ጎን ያውጡና «ከእኔ በኩል በቀኝ ነው ወይስ በግራ?» ይበሉት። ይህ ከበድ ያለ ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ብዙዎች የራሳቸውን ግራ ይነግሩዎታል። ሲሳሳት አያርሙት፤ ከአጠገብዎ መጥቶ ይቀመጥ፣ ይመልከት፣ ወደ ቦታው ይመለስና እንደገና ይጠየቅ።

ፊደል ለቆጠረ ልጅ ደግሞ «ገ»ን ከካርቶን ሁለት ጊዜ ቆርጠው አንዱን ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ይገልብጡት። ሁለቱንም እያዞሩ ያሳዩትና ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ እጁን ሳያስገባ ይንገርዎ። ተመራማሪዎቹ ሼፐርድና ሜትዝለር በ1971 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ሙከራ፣ የሁለት ቅርጾች የመዞሪያ ማዕዘን ልዩነት በሰፋ መጠን አዋቂዎች ለመመለስ የወሰደባቸው ጊዜም በዚያው ልክ ጨምሯል፤ ስለዚህ ልጁ ቢዘገይ አያጣድፉት። በ2013 እ.ኤ.አ. 217 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና የቦታ ግንዛቤ በልምምድ እንደሚሻሻልና መሻሻሉም እንደሚቆይ ስላሳየ፣ «ልጄ አቅጣጫ አይገባውም» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

ገበያ ሲሄዱም በየመታጠፊያው ቆም ብለው ወደ ኋላ እንዲመለከት ያድርጉት፤ መንገድ ሲመለሱበት ሌላ መልክ አለውና። መመለሻው ላይ ልጁ ይምራ። ያለ ቦታው ቢታጠፍ ጥቂት እርምጃ ይከተሉትና «እዚህ ስንመጣ ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል ነበር?» ብለው ይጠይቁት።