የድሮ ያማሃ ዲቲ ፒስተንና ፋሻ፦ ችግሩ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ዲቲ 125 (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ባለ ቱ ስትሮክ የያማሃ ሞተር ሳይክል) እየተገፋ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ ገና ሰላም ሳይለኝ "ፒስተኑንና ፋሻውን ቀይርልኝ" ይላል። ፋሻ ፒስተኑን ከበው ከሲሊንደሩ ጋር የሚያሽጉት ቀለበቶች ናቸው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ፒስተኑን የገደለውን እንፈልግ። እሱ ካልተገኘ አዲሱም ይሞታል።

ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን)፣ ቤንዚኑንና የአየር ማጣሪያውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሲረገጥ ይቀላል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቅ ግፊት) የለውም ማለት ነው። ፋሻው አልቋል፣ ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ፋሻ ብቻ ይገዛል። በተበላ ሲሊንደር ውስጥ የገባ አዲስ ፋሻ ግን ብዙ አይከርምም፤ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ከሆነ ጥሩ ነው። ፋሻው አዲስ ሆኖ ክፍተቱ 0.8 ከደረሰ ያለቀው ሲሊንደሩ ነው፤ ሬቲፊካ (ውስጡን ቆርጦ ማስፋት) ያስፈልገዋል።

የዲቲ 125 ስታንዳርድ ስፋት 56 ሚሊ ነው። ተለቅ ያሉት ፒስተኖች በ0.25 ይጨምራሉ፦ 56.25፣ 56.50፣ እያለ ይቀጥላል። እባካችሁ ፒስተኑን ሳትገዙ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አትላኩ። ሲሊንደሩ የሚቆረጠው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ እንጂ በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም። ፒስተኑም የሚለካው ከታች ጫፉ አጠገብ፣ ከስፒኖቶው (ፒስተኑን ከቢየላው ከሚያያይዘው ዘንግ) ጋር መስቀለኛ በሆነ አቅጣጫ ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል 0.04 ሚሊ አካባቢ ክፍተት ይበቃል።

ሲሊንደሩ ከቶርኖ ሲመለስ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጋዝ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ጠርዝ ዳብሱ። እንደ ቢላ ከሳለ አትግጠሙት። ጠርዙ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ወይም በትንሽ ሞረድ በመጠኑ መለዘብ አለበት። አለበለዚያ ፋሻውን ይልጠዋል። ብዙ ቶርኖ ቤት ይህን አይሠራም፤ ጠይቃችሁ አሠሩ።

እየሄደ ኃይል አጣ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ

ነከሰ፤ ማለትም ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ከአሥር ዲቲ ሰባቱን የማየው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን አንሱና ፒስተኑን ከመጣላችሁ በፊት ጥሩ ብርሃን ላይ እዩት። ቁስሉ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ብቻ ከሆነ የሙቀት ወይም የዘይት ችግር ነው። በአራት ማዕዘን አራት ቁስል ካለው ክፍተቱ ጠቧል፣ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ ተጋልቧል። በካርቡሬተሩ በኩል ደብዘዝ ያለ ግራጫና ቀጫጭን ጭረት ካያችሁ አቧራ ገብቷል፤ ማጣሪያው ተቀዷል ወይም ያለ ዘይት ደርቋል። ራሱ ከቀለጠ ወይም ከተበሳ ቤንዚኑ ለአየሩ አንሷል፣ አለዚያም የካንዴላው እሳት ጊዜውን ቀድሟል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የተሳሳተ ቦታ የሚገባ አየር ነው። አንድ የግብርና ባለሙያ ሞተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ፒስተን ሌላ ቦታ ቀይረውለታል፤ ሁለቱም ነክሰዋል። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ ስፈታ ከውጭ ደህና ይመስላል። በጣቴ ሳጥፈው ግን ከማሰሪያው ስር አፉን ከፈተ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነች። በእሷ የገባው አየር ቤንዚኑን ያሳሳዋል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀ ከሆነ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፤ ፒስተኑ ይግልና ይነክሳል። ጎማውን ለውጬ ሦስተኛውን ፒስተን ገጠምኩለት። ዛሬም ይሠራል።

ለመፈተሽ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት በዝግታ እንዲዞር) አስነሱና ጎማው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ወይም አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ አገኛችሁት። ቤንዚን የሚረጩ አይቻለሁ። በፍጹም አታድርጉት! ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን እሳት ነው።

ጎማው ደህና ከሆነ ወደ ኮሎው (ቢየላው የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ፓራሊዮ፣ ማለትም ወደ ጎማ ማሸጊያው ሂዱ። በግራ በኩል፣ ከማግኔቱ ጀርባ ያለው ሲደርቅ አየር ይስባል። ምልክቱ የነዳጅ እጀታውን ስትለቁ ሚኒሞው ቶሎ አለመውረዱ ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ካለቀ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ የማርሹም ዘይት ይጎድላል።

ሁለተኛው ነፍሰ ገዳይ ዘይት ነው። ያማሃ ዘይቱን በፓምፕ የሚሰጠውን ኦቶሉብ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን "ይበላሻል" እየተባለ ይነቀላል። ባለቤቱ በቤንዚን ሊቀላቅል ቃል ይገባል። ከዚያ ወንድሙ ተውሶት ሄዶ ንጹህ ቤንዚን ይሞላበታል። ፓምፑን አትንቀሉ። ገመዱ ምልክቱ ላይ መምጣቱን እዩ። ቱቦው በተፈታ ቁጥር በፓምፑ ቡሎን በኩል አየሩን አውጡ፤ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ከፒስተን ለውጥ በኋላ በመጀመሪያው ታንከር ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምሩበት። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካንዴላው እንዳይጠቁር ትንሽ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ይገባል። ያው ሞተር አዋሽ ሲወርድ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ይወፍርና ያ ጂግለር አይበቃውም። በዚያ ሙቀት ነዳጁን ሙሉ ከፍተው ሲጋልቡት ይነክሳል። ቆላ ለሥራ የምትወርዱ ትልቁን ጂግለር በኪሳችሁ ያዙ፤ መለወጥ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ፓምፑ ተነቅሎ በድብልቅ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ነዳጅ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ አትያዙት። ቤንዚኑ ሲዘጋ ዘይቱም ይዘጋል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት።

ስትገጥሙ

ሲሊንደሩ እንደተነሳ የካርተሩን (ኮሎው ያለበትን የታችኛውን የሞተር ክፍል) አፍ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ። ከማንኛውም ነገር በፊት! አንድ የወደቀ ሴገር ሙሉ ሞተር አስፈትቶኛል።

ሴገሩ ማለት ስፒኖቶውን ከሁለት ወገን የሚይዘው ቀጭን ሽቦ ነው። የተፈታ ሴገር ተመልሶ አይገባም። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፤ አንድ ወጣት ግን አሮጌውን በፒንሳ አቃንቶ መለሰው። ሳምንት ሳይሞላው ወጥቶ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አርሶት ነበር። ቦዩን ጥፍሬ አስገብቼ አሳየሁት። አዲሱን ስታስገቡ ክፍቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን፤ ጎድጎዱ ውስጥ መቀመጡን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት፣ ወደ ማርሚታው ያያል። ፋሻው ላይ የተመታው ፊደል ወደ ላይ ነው። የፋሻው ጫፎች ጎድጎዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፒን አቅፈው መቀመጥ አለባቸው። ፒኗ ላይ ከወጡ ሲሊንደሩ አይወርድም፤ ያኔ በመዶሻ የሚመታ ሰው ፋሻውን ይሰብራል። ሁሉንም በቱ ስትሮክ ዘይት አርሱና ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። አታሽከርክሩት! ሲዞር የፋሻው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ጠቅ ይላል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ አንሱት፤ ተሰብሯል።

አስመስለው የሠሩት ፎርጅድ ፒስተን ያናድደኛል። ሳጥኑ ቁርጥ ኦሪጅናሉን ይመስላል፤ ፒኗ ግን በጥፍር ስትነካ ትነቃነቃለች። ያቺ ፒን አንድ ቀን ወጥታ ቴስታታውን ትፈጫለች። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ንኳት፤ ከተነቃነቀች ጥላችሁ ውጡ።

ሌሎች

ሲነሳ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ፦ የስፒኖቶው ኩሽኔታ (ማሽከርከሪያ) አልቋል፤ ከፒስተኑ ጋር አብሮ ይለወጥ።

ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ ከተንቀጫቀጨ፦ ፒስተኑን አትግዙ፣ ኮሎው ይፈታ።

ኃይል የለውም ግን ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው፦ ማርሚታው በጥቀርሻ ታፍኗል።

ሲነሳ

በመጀመሪያው ቀን አስነሱት፣ ሲሞቅ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጉ። ከዚያ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ነዳጅ በላይ አትስጡት፤ ሰውም ጭነትም ከኋላ አይውጣበት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና አጥብቁ።