ብር ሲወድቅ የወርቅ ኩባንያ አክሲዮን መግዛት፦ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ "ወርቅ ግዙ" የሚለው ምክርም በዛ። ውጭ ያለ ዘመዳችን በስልኩ አክሲዮን መግዛት ስለሚችል ደግሞ ምክሩ ቀስ ብሎ "የወርቅ ኩባንያ አክሲዮን ግዙ" ሆነ።

ትልቁ ስህተት ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። የአንገት ሀብል ዕዳ የለበትም፣ ደመወዝ አይከፍልም፣ ናፍጣ አይገዛም። ወርቅ አውጪ ኩባንያ ግን ይህ ሁሉ አለበት። አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ ለማውጣት 1,500 ዶላር የሚያወጣ ኩባንያ እንውሰድ። ወርቅ ከ2,000 ወደ 1,800 ቢወርድ የወርቁ ዋጋ የቀነሰው 10 በመቶ ነው፣ የኩባንያው ትርፍ ግን 40 በመቶ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1,900 ዶላር የደረሰው ወርቅ በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ነበር። የትልልቆቹን ወርቅ አውጪዎች አክሲዮን የሚይዘው ጂዲኤክስ የተባለው ፈንድ በዚያው ውድቀት 80 በመቶ ያህል ዋጋውን አጣ። "አክሲዮኑ ከወርቁ በላይ ይወጣል" የሚሏችሁ ሰዎች አይዋሹም፣ መውረጃውን ነው የሚዘሉት።

ሌላው፣ የማን ገንዘብ እንደወደቀ መርሳት ነው። ዋሽንግተን ሆኖ ደመወዙን በዶላር ለሚያገኝ ሰው ብር ስለወደቀ ብቻ የወርቅ አክሲዮን መግዛት ምን ይጠቅመዋል? ቁጠባውን ከብር ውድቀት ያዳነለት ዶላሩ ራሱ ነው።

"የአገሬ ወርቅ ነው" ብሎ በስሜት መግዛትም አለ፣ እሱ እንኳ ይገባኛል። ቤኒሻንጉል ያለው የኩርሙክ ፕሮጀክት ባለቤት፣ በቶሮንቶ ገበያ የገባው አላይድ ጎልድ፣ ማሊ ውስጥ የሳዲዮላ ማዕድንም ነበረው። ስለዚህ ለኩርሙክ ብሎ የገዛ ሰው የማሊንም ፖለቲካ አብሮ ገዝቷል። ማሊ ደግሞ ቀልድ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መንግሥቷ ባሪክ የተባለውን የካናዳ ወርቅ አውጪ ኩባንያ ወርቅ፣ 3 ቶን ገደማ፣ ወሰደ። የውጭ ምንዛሪ የጠፋበት መንግሥት መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ዶላር በሚያመጣው ላይ ነው። ዚምባብዌ ወርቅ አውጪዎቿን ከሽያጫቸው የተወሰነውን በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ ያውም በመንግሥት ተመን፣ እንዲቀበሉ አስገድዳለች። የገንዘቡ ቀውስ ያነሳሳችሁ ሰዎች የገዛችሁት ኩባንያ በዚያው ቀውስ መሃል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ገና ማምረት ያልጀመረ ኩባንያን ርካሽ ነው ብሎ መግዛትም አለ። ወለጋ ያለውን የቱሉ ካፒን ፕሮጀክት የያዘው ኬፊ የማዕድን ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በፋይናንስና በጸጥታ ችግር ብዙ ዓመት ተጓተተ፣ በየጊዜውም ገንዘብ ለማሰባሰብ አዲስ አክሲዮን ሸጠ። አዲስ በወጣ ቁጥር የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ይሳሳል። አንድ አክሲዮን በጥቂት ሳንቲም መሸጡ ርካሽ አያደርገውም። የአክሲዮኑን ብዛት በዋጋው አባዙና የኩባንያውን ጠቅላላ ዋጋ እዩ።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፦ በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ቀድመው የገቡት ባንኮች ናቸው። በቴሌግራም "የወርቅ ማዕድን አክሲዮን" የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ፈቃድ እንዳለው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጠይቁ። ፈቃዱ "በሂደት ላይ ነው" ካላችሁ ቁጥሩን ዝጉት።